የስፌቷ አሥረኛ ክር

ሱቄን ከዘጋሁ አራት ወር ሊሆነኝ ነው። መንገድ ላይ የሚያገኘኝ ሰው ሁሉ "አሁን ምን እየሠራሽ ነው?" ይለኛል። "እተኛለሁ" እለዋለሁ። አያምነኝም። ሠላሳ ስድስት ዓመት የሞተር ሽቦ ስጠቀልል የኖርኩ ሴት ቁጭ ብዬ መዋል የማልችል ይመስለዋል። እችላለሁ፣ ያውም አሳምሬ። ፀሐይ ደጄን አልፋ ምንጣፌ ላይ እስክትደርስ እተኛለሁ፤ ተነስቼ ሻይ እጠጣለሁ፤ ሬዲዮ እከፍታለሁ። ሬዲዮው ሲንኮሻኮሽ "ስፒከሩ ነው" እልና እተወዋለሁ። ማን አምጥቶልኝ ነው የምጠግነው።

ከሥራ ያስወጣኝ ዓይኔ ነው። ከፀጉር የቀጠነ ሽቦ እየጠቀለልኩ ኖሬ፣ አንድ ቀን ሽቦው ተበጥሶ አየር ስጠቀልል ራሴን አገኘሁት። እጄ ይዞራል፣ ሽቦ ግን የለም። ብቻዬን ሳቅሁ፣ ሳቅሁና "ብዙነሽ፣ በቃሽ" አልኩ።

ከሱቁ ይዤ የወጣሁት ሁለት ነገር ነው። አንዱ ካቻቢቴዬ ነው፣ እጄ ስለለመደው። ሌላዋ በጥቁር ክር የተንጠለጠለች፣ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ማግኔት ናት። እሷ የኔ አልነበረችም። የጋሽ ደምሴ ነበረች። እኔን ሰው ያደረጉኝ እሳቸው ናቸው፣ ነፍሳቸውን ይማርና።

ተወልጄ ያደግኩት እዚሁ ጉለሌ ነው። ትምህርቴን እንደጨረስኩ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጥገና ክፍል ተቀጠርኩ። የክፍሉ ኃላፊ አንድ ብሎን ከግምጃ ቤት ለማውጣት ሦስት ፊርማ የሚጠይቁ ሰው ነበሩ። ብሎኑ ሲፈቀድ ማሽኑ ዝጎ ይጠብቀናል። ሴት ነሽ ብለው ደግሞ መሣሪያ አያስነኩኝም፤ መዝገብ ያዥ አደረጉኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ "ገባ፣ ወጣ" እያልኩ ጻፍኩ። አንድ ቀን የተቃጠለ የውሃ ሞተር አስጠቅልዪ ተብዬ ጋሽ ደምሴ ዘንድ ተላክሁ። ሱቃቸው ከጳውሎስ ሆስፒታል ወረድ ብሎ፣ ከመድኃኒት ቤቶቹ ፊት ለፊት ነበር። ሽቦውን ሲጠቀልሉ ቆሜ ማየት ጀመርኩ። ዙሩን በአፋቸው አይቆጥሩም፤ ጣታቸው ነው የሚቆጥርላቸው። ብዙ ስቆምባቸው ቀና አሉና "ልጄ፣ መሥሪያ ቤትሽ አይፈልግሽም?" አሉኝ።

"እኔ ነኝ የማልፈልገው" አልኳቸው።

ወሩ ሳያልቅ ሥራዬን ለቅቄ እሳቸው ዘንድ ገባሁ። ደሞዜ ቀነሰ፣ እናቴ ሦስት ቀን አላናገረችኝም። በአራተኛው ቀን የቤታችንን የእንጀራ ምድጃ ገመድ ስጠግንላት ታረቅን።

ጋሽ ደምሴ ቀጭን፣ ቀስ የሚሉ፣ ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው የሚቆልፉ ሰው ነበሩ። ወር በገባ በሃያ አንድ ሱቁ ዝግ ነው፤ እሳቸው እንጦጦ ማርያም ናቸው። ያገሩ ሞተር ሁሉ ቢቃጠል አይወርዱም። በሌላው ቀን ግን ከሳቸው በፊት ሱቅ የሚከፍት አልነበረም።

አንድ ልማድ ነበራቸው፣ ደንበኛን ሁሉ የሚያናድድ። ሰው ዕቃ ይዞ ሲመጣ ዕቃውን አይነኩም። "ምን ሆነ?" ይላሉ። ሰውየው ይናገራል። ጸጥ ብለው ይሰሙና "እንደገና ንገረኝ" ይላሉ።

"አሁን ነገርኩዎት እኮ።"

"አዎ። እንደገና ንገረኝ።"

ሁለተኛው ሁልጊዜ ከመጀመሪያው ይለያል። መጀመሪያ "ዝም ብሎ ቆመ" ያለው ሰው፣ ሁለተኛ ጊዜ "ከትናንት ወዲያ ውሃ ፈሶበት ነበር፣ ማለቴ ትንሽ ነው" ይላል። ሰውየው ከሄደ በኋላ "የመጀመሪያው ለራሱ ነው፤ ለኛ የሚነግረን ሁለተኛውን ነው" ይሉኛል። እኔም ቀስ በቀስ ለመድኩት። ኋላ ቤቴ ውስጥ ሳይቀር ሰው ሲያወራኝ "እንደገና ንገረኝ" ማለት አመጣሁ፤ እህቴ "አንቺ ሰውን ሁሉ ሞተር አደረግሽው" ትለኝ ነበር።

በዚህ ላይ እንዳለን ነው ማቴዎስ የመጣው። ያኔ ወጣት ነው፣ በዕድሜ ከኔ ትንሽ ቢበልጥ ነው። ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ሬሳ ሣጥን የመሰለ ረጅም ነገር ተሸክመው ገቡ።

"ስፌቷ ድምፅ አጣች" አለ።

"የስፌት መኪና ጠጋኝ ከታች ነው፣ ልብስ ሰፊዎቹ ጋ" አሉት ጋሽ ደምሴ።

"አይ፣ እ... ክሯ ደህና ነው። ድምፅ ነው እምቢ ያለችው።"

"ክሩ ደህና ከሆነማ መርፌው ነዋ" አልኩ እኔ፣ ብልጥ ነኝ ብዬ።

"እንደገና ንገረኝ" አሉት ጋሽ ደምሴ።

"ፒካፗ ሳይሆን አይቀርም።"

ጋሽ ደምሴ መነጽራቸውን አወለቁ። "ስማ ልጄ፣ ስፌት ናት ወይስ መኪና? ፒካፕ ከሆነች ጋራዥ ነው የምትሄደው።"

ማቴዎስ ሳቀ። አሳሳቁ አሁንም በጆሮዬ አለ። ከደረቱ ሥር የሚወጣ፣ የሱቁን መስታወት የሚያንቀጠቅጥ ወፍራም ሳቅ ነበር። ቤተ ክርስቲያናቸው ውስጥ ከመዘምራኑ ጋር ወፍራሙን ድምፅ የሚዘምረው እሱ ነው።

ሣጥኑን ሲከፍተው ግን እኛም ጠጋ አልን። እግር ያለው ረጅም ጠባብ ጠረጴዛ ነው፤ ላዩ ላይ አሥር ክር ተወጥሯል፤ ከሥሩ በእግር የሚረገጥ ፔዳል አለው፣ ልክ እንደ ስፌት መኪና። ስሟ ፔዳል ስቲል ጊታር ነው አለን። ቤተ ክርስቲያናቸው ያስተምር የነበረ አንድ ፈረንጅ አገሩ ሲገባ ትቷት ሄደ፤ መዘምራኑ ፔዳሉን አይተው "ስፌቷ" አሏት፤ በቃ፣ ስሟ ሆኖ ቀረ። የሚጫወታት ሰው ተቀምጦ በቀኝ እጁ ክሩን ይመታል፤ በግራው ለስላሳ ብረት ክሩ ላይ ያንሸራትታል፤ ፔዳሉን ሲረግጥ ክሩ ይሳብና ድምፁ ከፍ ይላል። ድምፁ ከቦታ ቦታ አይዘልም። ሰው ሲናገር እንደሚወጣና እንደሚወርደው ተንሸራቶ ነው የሚሄደው። ማቴዎስ ያለ አስተማሪ፣ በመነካካት ብቻ ነው የለመዳት።

ከክሮቹ ሥር ፒካፕ የሚሉት ነገር አለ። ማግኔት ነው፤ ዙሪያውን በጣም በቀጭን ሽቦ ተጠቅልሏል። ክሩ ከላዩ ሲንቀጠቀጥ ሽቦው ይሰማዋል፤ የሰማውን ወደ አምፕሊፋየሩ ይልካል። ጋሽ ደምሴ በቴስተራቸው ነካ ነካ አደረጉና "ይሄማ ሞተር ነው፤ ትንሽ ስለሆነ አፍሮ ነው" አሉ። ሽቦው ውስጥ ለውስጥ ተበጥሷል። ጣቴ ከሳቸው ስለሚቀጥን እኔ እንድጠቀልለው ሰጡኝ። ሦስቴ በጠስኩት። በአራተኛው ተሳካልኝ። ማቴዎስ ሱቁ ውስጥ ተቀምጦ ሲጫወታት ከሆስፒታሉ የሚወጣው ሰው በራችን ላይ ቆመ፤ እኔም በዚያች ቀን ሥራዬ ምን እንደሆነ አወቅሁ። ሞተር ከቃጠሎ ማውጣት ጥሩ ነው፤ ለዲዳ ነገር ድምፅ መመለስ ግን ሌላ ነው።

ከዚያ ወዲያ የአካባቢው ሙዚቀኛ ሁሉ መንገዱን አወቀ። ክብር ግን ቶሎ አልመጣም። ጋሽ ደምሴ በሌሉበት የሚመጣው ሁሉ "ባለሙያው የለም?" ይለኛል። "አለ፤ ቀሚስ ለብሶ አላወቅከውም እንጂ" እለዋለሁ። አንድ ጊዜ አንድ ክራር ተጫዋች ክራሩ ላይ ፒካፕ አስገጥሞ፣ ድምፅ እምቢ አለኝ ብሎ መጣ። ጋሽ ደምሴ ያችን ማግኔት ከደረት ኪሳቸው አውጥተው ክሩ አጠገብ አንጠለጠሏት። ንቅንቅ አላለችም። ክሩ ጅማት ነው።

"ማግኔት ብረት እንጂ ጅማት አይሰማም" አሉት።

"ታዲያ ምን ይሻላል?"

"ወይ ክሩን ቀይር፣ ወይ ፒካፑን። ሁለቱ ካልተዋወቁ አይነጋገሩም።"

ብረት በሆነውም ክር ቢሆን ዝም ብለው አያምኑም ነበር። ማግኔቷ ክሩን መያዟ ብቻ አይበቃቸውም። ከሩቅ ቀስ እያሉ ያስጠጓታል፤ ስንት ጣት ሲቀራት ዘንበል እንደምትል ያያሉ። "መያዟን ማንም ያያል። አንቺ ከየት ጀምራ እንደምትመጣ እይ" ይሉኛል። እኔ የሽማግሌ ጨዋታ አድርጌ ነበር የምቆጥረው።

ሥራው ሲያልቅ ደግሞ ከሱቅ ይወጣሉ። አስፋልቱን ተሻግረው መድኃኒት ቤቱ በር ላይ ይቆሙና ባለመሣሪያውን "ምታው" ይሉታል በምልክት። ታክሲው፣ ረዳቱ፣ በሽተኛ ደግፎ የሚሄደው ሰው መሃል ቆመው ይሰማሉ። ከተሰማቸው እጃቸውን ያነሳሉ። ካልተሰማቸው እጃቸውን ኪሳቸው ከተው ይመለሳሉ፤ እኛም ካቻቢቴ እናነሳለን። "አጠገቡ ሆነሽ የምትሰሚው ክሩን ነው። ፒካፑን መስማት ከፈለግሽ ከክሩ ራቂ።" ዝናብም ቢሆን ይሻገራሉ።

ማቴዎስ በየሁለትና ሦስት ወሩ ይመጣ ነበር። ስፌቷ ላይ ክሩ እንደ ጊታር ከቀጭን ወደ ወፍራም አይሰለፍም፤ ከሁሉ የሚቀጥነው ሦስተኛው ነው። እኔ መጀመሪያ ሰሞን ፈረንጁ ተሳስቶ ነው ብዬ በተርታ በተርታው ደረደርኩት፤ ስወጥረው ሦስተኛው ጧ ብሎ ተበጠሰና ጉንጬን ገረፈኝ። ማቴዎስ "ፈረንጁን ልታርሚው ነው?" እያለ ዓመት ሙሉ አሾፈብኝ። ጋሽ ደምሴንም አይምርም። እሱ ጴንጤ ነው፣ እኛ ኦርቶዶክስ። "ጋሽ ደምሴ፣ በሃያ አንድ ሞተር አይቃጠልም እንዴ?" ይላቸዋል። እሳቸውም "ይቃጠላል። በሃያ ሁለት እንጠቀልለዋለን" ይሉታል።

አንድ ነገር ሳልናገር አልለፍ። ማቴዎስ አመራረቁ ልዩ ነበር። አዲስ ዓመት በገባ ቁጥር ሱቃችን መጥቶ ቆሞ ይመርቀን ነበር። በመጠኑ ይጀምርና፣ ከፍ ያደርገውና፣ የመጨረሻዋን ቃል ወደ ታች ይጥላታል። "ጤና ይስጣችሁ፣ ከክፉ ይጠብቃችሁ፣ ይባርካችሁ።" ያቺ "ይባርካችሁ" ከወለሉ ሥር የምትመጣ ነበር የሚመስለው። እኛም ወለሉ እየነዘረን "አሜን" እንላለን። ጋሽ ደምሴ ሳይቀሩ ቆባቸውን አውልቀው ነው አሜን የሚሉት።

ጋሽ ደምሴ አርጅተው፣ ታመው፣ በሰላም አረፉ። ሱቁ ለኔ ቀረ። ማግኔቷን ከማረፋቸው በፊት ራሳቸው ሰጡኝ። "እንደኔ ኪስሽ ውስጥ እንዳታስቀምጫት ብቻ፣ ሰዓትሽን ታቆመዋለች" አሉኝ። ሌላ ኑዛዜ አልነበራቸውም።

ከዚያ ማቴዎስ ጉሮሮውን ታመመ። ዕጢ ነው ተባለ። ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፤ ዳነ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ድምፁ ግን አልተመለሰም። ሹክሹክታ ብቻ ቀረለት፤ እሱም ስለሚያመው ሲናገር አንገቱን በእጁ ይይዛል። ያ ሳቅ ያለበት ሰው ከንፈሩን ብቻ ሲያንቀሳቅስ ማየት ከባድ ነው። መዘመሩ ቀረ፤ ስፌቷ ብቻ ቀረችለት።

አንድ ቀን ሱቄ መጣ። አንዲት ሴት ልጅ ነበረችው፣ ሕሊና የምትባል። ልታገባ ነው።

"ክሯን ቀይሪልኝ" አለኝ፣ አንገቱን ይዞ። "ለሕሊና ሠርግ ነው።"

"እንደገና ንገረኝ" ማለት ነበረብኝ። ቃሉ ምላሴ ላይ መጥቶ ነበር። ዓይኑ እንባ ሲያቀርር ሳየው አሳዘነኝና ዋጥኩት። "በቃ፣ ገብቶኛል፣ አትናገር" አልኩት። በሥራ ዘመኔ ሁሉ ደንበኛን አንዴ ብቻ ሰምቼ ያሰናበትኩት ያን ቀን ነው። ያዘንኩለት መስሎኝ ነበር።

የስፌቷ ክር ራሱን ችሎ እዚህ አይሸጥም፤ ከኤሌክትሪክ ጊታር ክር እየለቀምኩ ነው የማሟላላት። በዚያ ሰሞን እሱ ከገበያ ጠፋ። ዞሬ ዞሬ ያገኘሁት ያለ ኤሌክትሪክ የሚመታውን የተራ ጊታር ክር ነው። ቀጭኖቹ ነጭ ብረት ናቸው፤ ወፍራሞቹ ላይ ግን ቢጫ ነሐስ ተጠምጥሞባቸዋል። ማግኔቷን አስጠጋሁ፤ ያዘች። ውስጣቸው ብረት ነዋ። ከየት ጀምራ እንደመጣች ግን አላየሁም። ገጠምኳቸው፣ ቃኘኋቸው፣ አጠገባቸው ተቀምጬ መታኋቸው፤ ግሩም። አስፋልቱን አልተሻገርኩም። ዝናብ ነበር፣ ጫማዬም አዲስ ነው። ማቴዎስም በሠርጉ ዋዜማ መጥቶ ሳይሞክራት ይዟት ሄደ።

ሠርጉ ላይ ተጠርቼ ነበር። ድንኳኑ ሞልቷል። እኔ ከኋላ፣ ምግብ ከሚያቀርቡት ልጆች አጠገብ ተቀምጫለሁ። የመድረኩ መሪ ማይክሮፎኑን ይዞ "አሁን አባት ልጃቸውን በመሣሪያ ይመርቃሉ። ዜማው ወርዶ ወፍራሙ ድምፅ ሲመጣ ሁላችሁም አሜን በሉ" አለ። ማቴዎስ ምን ሊያደርግ እንዳሰበ ያን ጊዜ ገባኝ። ያን የድሮ ምርቃቱን፣ ያችን ወደ ታች የሚጥላትን ቃል፣ ከሁሉ በሚወፍረው በአሥረኛው ክር ሊላት ነው።

ጀመረ። ቀጭኖቹ ክሮች ድንኳኑን ሞሉት። ዜማው ከፍ አለ፣ ከዚያ መውረድ ጀመረ፤ ወፍራሞቹ ጋ ሲደርስ ድምፁ አብሮ ሰመጠ። እጁ ሲመታ አያለሁ፤ እግሩ ሲረግጥ አያለሁ፤ የሚሰማ ነገር የለም። ሰዉ የቀረው ይመጣል ብሎ ትንሽ ጠበቀ። እንደገና ከላይ ጀመረ፣ እንደገና ወረደ፣ እንደገና ጠፋ። ሰው እርስ በርሱ ማውራት ጀመረ። ከፊቴ ያለው ሰውዬ "መሣሪያው እየተቃኘ ነው" አለ ለጓደኛው። ሕሊና ቬሎዋን ለብሳ አንገቷን ደፍታ ቆማለች፤ አሜን ልትል ትጠብቃለች። የመድረኩ መሪ ጨንቆት "እናመሰግናለን" አለና ሙሽሮቹን ኬክ ወደሚቆረስበት ጠራቸው። ሚዜዋ ትከሻዋን እስክትነካት ድረስ አንገቷን አላነሳችም። አሜን ያለ ሰው አልነበረም።

ሲያልቅ ይቅርታ ልለው ሄድኩ። እጄን ይዞ ጉንጬን ሳመኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ሱቄን ከፍቼ ማግኔቷን አንጠለጠልኩ። ወደ ነጩ ክር ሦስት ጣት ሲቀራት ዘንበል አለች። ወደ ቢጫው ልትነካው እስክትደርስ ድረስ ዝም አለች። ፒካፑ ነጮቹን ይሰማል፣ ቢጫዎቹን አይሰማም። አጠገባቸው ሆኜ ስመታቸው የሰማሁት እንጨቱንና ክሩን ነው እንጂ ፒካፑን አልነበረም። ሦስቱን ነገር ጋሽ ደምሴ ነግረውኝ ነበር፤ ሦስቱንም በአንድ ሥራ ላይ ተውኳቸው። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ደንበኛ ገባና "ባለሙያው የለም?" አለኝ። "የለም" አልኩት።

ከዚያ በኋላ አምጣልኝ ላስተካክላት እያልኩ ስንቴ ለመንኩት። አልተቆጣም፣ አልተቀየመም፤ ግን አላመጣም። ስፌቷን ሸፍኖ ቤቱ አስቀመጣት። ቤተ ክርስቲያናቸውም ኪቦርድና ኮምፒውተር ገዝቷል፤ የሚጠይቃት አልነበረም። በዚህ ዓይነት አምስት ዓመት አለፈ። ሌላው ኑሮዬ ደህና ነበር፤ ይሄ ግን ጫማ ውስጥ እንደገባ ጠጠር አልወጣ አለኝ።

ሱቁን ልዘጋ ስወስን ሰው ጠግኜለት ሳይወስድ የቀረውን ዕቃ በየቤቱ እየዞርኩ አደልኩ። መጨረሻ ላይ ወደ ሸጎሌ በሚወስደው መንገድ ያለው የማቴዎስ ቤት ሄድኩ። የምመልስለት ዕቃ አልነበረኝም። ባለቤቱ አስገብታኝ ሻይ ልታፈላ ገባች። ስፌቷ በአበባ ጨርቅ ተሸፍና ጥግ ላይ ቆማለች፣ ላይዋ ላይ ፎቶግራፍ ተደርድሯል።

"ሱቄን ልዘጋ ነው። እሷን ሳልሠራ አልዘጋም" አልኩት።

"ድምፅ የላትም። ተያት" አለኝ፣ አንገቱን ይዞ።

በዚህ ጊዜ አልዋጥኩትም። "እንደገና ንገረኝ" አልኩት።

አየኝ። ከንፈሩ ሳቅ ሲል አየሁት፣ ጋሽ ደምሴ ትዝ ብለውት መሰለኝ። ከዚያ ፊቱ ተለወጠ።

"ልጄን ሳልመርቅ ዳርኳት" አለ።

ሻይ መጣ፣ ቀዘቀዘ። ቀጥሎም "ቀጭኖቹ ለሰው ናቸው። የኔ ወፍራሞቹ ነበሩ። ያን ቀን ልነግርሽ ነበር፤ አትናገር አልሽኝ" አለኝ። በሹክሹክታ እንዲህ ያለ ረጅም ነገር ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። አላቋረጥኩትም። ይመመው፤ ይናገር ብዬ ተውኩት።

ስፌቷን በታክሲ ጫንናት። ሁለት ሳምንት ሠራኋት። ከሦስት ፓኬት የኤሌክትሪክ ጊታር ክር አንድ በአንድ ለቀምኩ፤ እያንዳንዱን በማግኔቷ ከሩቅ ጀምሬ ፈተንኩት፤ ከሁለት ጣት ወዲያ ያልጠራትን ሁሉ ጣልኩ። ፒካፑም አርጅቶ ነበር፤ እንደገና ጠቀለልኩት። እዚህም አንዴ ደግሜ አየር ጠቀለልኩ። በስተመጨረሻ ዓይኔን ትቼ እንደ ጋሽ ደምሴ በጣቴ ቆጠርኩ። ቀጥሎ ክሩና ፒካፑ መካከል ያለው ክፍተት ነው። ጋሽ ደምሴ የሚለኩት የገንዘብ ሳንቲም በመሃሉ እያሳለፉ ነበር። ፒካፑ በጣም ከተጠጋ ማግኔቱ ክሩን ይጎትትና ቅኝቱን ያበላሻል፤ ከራቀ አይሰማም። ቀጭኖቹ ጋ ሁለት ሳንቲም የሚያሳልፍ አደረግሁት፤ ወፍራሞቹ ጋ አንድ፣ እሱም ታግሎ የሚያልፍ።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ማቴዎስ መጣ። ሕሊናን ይዘሃት ና ብዬው ነበር፤ ዕቃ ታግዝሃለች ብዬ። ትልቅ ሴት ሆናለች። "እትዬ ብዙነሽ፣ እውነት ሊዘጉት ነው?" አለችኝ ሱቁን እያየች።

"ልዘጋው ነው። አንቺ ግን ነይ፣ ጆሮሽን አውሺኝ። የኔ አርጅቷል።"

ማቴዎስን በሩ ፊት አስቀመጥኩት። "ከተሰማኝ እጄን አነሳለሁ" አልኩት። ሕሊናን በክንዷ ይዤ አስፋልቱን ተሻገርኩ። መድኃኒት ቤቱ በር ላይ፣ ጋሽ ደምሴ በሚቆሙበት ቦታ ቆምን። ረዳቱ "ሸጎሌ፣ ሸጎሌ" ይላል፤ ታክሲዎቹ ይጮሃሉ፤ አንዲት እናት የመድኃኒት ወረቀት ይዘው ከጎናችን ተራ ይጠብቃሉ። በምልክት "ምታው" አልኩት።

ጀመረ። መጀመሪያ ቀጭኖቹ ተሰሙ። ከፍ አለ። ከዚያ መውረድ ጀመረ። ወረደ፣ ወረደና አሥረኛው ክር መጣ። በታክሲው ጩኸት መሃል አልፎ፣ አስፋልቱን ተሻግሮ፣ እግሬ ሥር ደረሰ። ሕሊና ክንዴን ጨበጠችኝ።

"አባዬ ነው" አለች።

መንገድ ዳር፣ በጠራራ ፀሐይ፣ አንገቷን ደፋች። ማቴዎስ ሁለተኛውን ስንኝ ጀመረ፣ አወጣው፣ አወረደው።

"አሜን" አለች ሕሊና።

እኔም "አሜን" አልኩ። እጄን ማንሳት ረሳሁ።

ማቴዎስ ከበሩ ሆኖ ያየኛል። እጄ አልተነሳም፤ አልተሰማም መሰለው። ራሱን ነቀነቀና እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ። ሁለተኛው እውነትም ከመጀመሪያው ይለያል፤ በዚህኛው አሥረኛውን ክር አቆየው፣ እስኪጨርስ ተወው። ሕሊና እንባዋን ሳትጠርግ "አሜን" አለች። መድኃኒት የሚጠብቁት እናትም ምን እንደሆነ ሳያውቁ ወረቀታቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው "አሜን" አሉ።

አሁን ረስቼ አይደለም። እጄን ኪሴ ከተትኩ፤ ሦስተኛ ይድገምላት ብዬ።